የጋሽ ግሩም ጾም

ጋሽ ግሩም የጾመውን ያህል የጾመ ሰው በአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ተፈልጎ አይገኝም። የሚጾመው ግን ጥላዬ አጠገቡ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ጥላዬ ማዕድ ዘንድ ብቅ ሲል ጾም ይይዛል፤ ጥላዬ ተሰናብቶ ሲወጣ በሩ ገና ሳይዘጋ ይገድፋል። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖረ። ጥላዬም ዘጠኝ ዓመት እያየ ዝም አለ፤ ዝም ያለው ግን ሳይገባው ቀርቶ አልነበረም።

የተዋወቁት በፈረንጆቹ 2010፣ ሐምሌ ውስጥ ነው። ጥላዬ ኬንያ ካለው የካኩማ የስደተኞች ካምፕ ተነስቶ ክላርክስተን ከገባ ሳምንት አልሞላውም ነበር። ከቦንጋ የመጣ አንድ ልጅ አለ ሲባል ጋሽ ግሩም ሰማ። ይህ ሰው ቦንጋ ተወልዶ፣ በዲቪ አሜሪካ ገብቶ፣ ቻምብሊ ላይ የሀገር ቤት እህልና ሥጋ የሚሸጥ ትልቅ ግሮሰሪ የከፈተና የሀገር ልጆች መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር የሆነ ሰው ነው። "የሀገሬ ልጅ መጥቶማ በሳንድዊች አያድርም!" ብሎ በራሱ መኪና ሄደና አቮንዴል እስቴትስ ወዳለው ቤቱ አመጣው። ሚስቱ ኤልፍነሽ ዶሮ ወጥ ሠርታ፣ ቆጮውን ከፍሪዘር አውጥታ ጠበቀቻቸው። እጅ ታጠቡ። ጋሽ ግሩም እንጀራውን ሊቆርስ እጁን ሰደደና እግረ መንገዱን "የማን ልጅ ነህ?" አለው።

ጥላዬ የአባቱን ስም ነገረው። ቀዬውንም ነገረው።

የጋሽ ግሩም እጅ ትሪው ላይ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ፤ ከዚያም ተመልሶ ጉልበቱ ላይ አረፈ። "ውይ፣ ለካ ዛሬ ጾመኛ ነኝ!" አለ፣ ግንባሩን መታ አድርጎ። "አንተ ብላ፣ ብላ፣ እንዳታፍር!" ቀኑ ሐሙስ ነበር። ኤልፍነሽ ባሏን ቀና ብላ አየችው፤ ጠዋት ሁለት እንቁላል ጠብሳ ያበላችው እሷ ነበረች። ጥላዬ ርቦት ስለነበር ትሪውን ብቻውን ጥርግ አድርጎ በላ።

ጥላዬ ማንጆ ነው። ማንጆዎች በካፋ ጫካ ዳር ይኖራሉ፤ በዚያ ጫካ ከማንም በፊት እንደነበሩ ሽማግሌዎቻቸው ይናገራሉ። ከሰል አክስለው፣ እንጨት ፈልጠው ገበያ ያወጣሉ። ሌላው ሰው ከሰላቸውን ይገዛል፣ በእንጨታቸው ወጡን ያበስላል፤ የማይበላ ሥጋ ይበላሉ እያለ ግን ከነሱ ጋር አይበላም። ጥላዬ በልጅነቱ ከእናቱ ጋር ከሰል ተሸክሞ ቦንጋ ሲወርድ፣ ገዢዋ ደግ ሴት ከሆነች ምሳ ትሰጣቸዋለች። ደጅ ላይ ያስቀምጧቸዋል፤ ምግቡ በኮባ ቅጠል ይመጣል፤ እጇ እጃቸውን እንዳይነካ ከላይ ትለቅላቸዋለች። እናቱም ቅጠሉን በሁለት እጇ ተቀብላ ትመርቃለች። ጥላዬ ከሸክሙም ከመንገዱም ይልቅ ያን ምርቃት ነበር የሚጠላው።

ከቀዬው ትምህርት ቤት ገብቶ የዘለቀ እሱ ብቻ ነው። ለአራት ልጅ በተሠራ ወንበር ብቻውን ተቀመጠ። አስተማሪው ደብተሩን ሲያርምለት ገጹን በእንጨት ጫፍ ይገልጠው ነበር። ጥላዬ በዚያ በእንጨት በተገለጠ ደብተር አንደኛ ወጣ፤ መምህራን ማሠልጠኛ ገባ፤ አስተማሪ ሆኖም ተመለሰ። ወላጆች ልጆቻቸውን ከክፍሉ አስወጡ። እሱም አሥራ ሰባት ገጽ አቤቱታ ጽፎ ለወረዳው አስገባ። ወረዳው አቤቱታውን መደርደሪያ ላይ፣ ጥላዬን ደግሞ ጣቢያ አስቀመጠ። አራት ወር ታስሮ ሲለቀቅ በሞያሌ በኩል ወጣ፤ ካኩማ ላይ ስድስት ዓመት አቧራ በላ።

አሜሪካም ብትሆን እጇን ዘርግታ አልተቀበለችውም። መጀመሪያ ከአትላንታ አንድ ሰዓት የሚያስነዳ የዶሮ ፋብሪካ ገባ። በደቂቃ ሠላሳ ዶሮ በእግራቸው እየሰቀለ ጣቶቹ አልታጠፍ አሉት። ከዚያ መንጃ ፈቃድ አወጣና ኢስት ፖይንት ላይ መንገደኛ ከመኪና ማቆሚያ ወደ አየር ማረፊያ የሚያመላልስ ሻትል መንዳት ያዘ። ሻንጣ ያነሳል፣ ሻንጣ ያወርዳል፣ "ሃቭ ኤ ሴፍ ፍላይት" ይላል። እሁድ እሁድ ደግሞ የራሱን አሮጌ ቫን አንድ ጥላ ሥር ያቆምና ስልኩን መሪው ላይ ደግፎ በፌስቡክ ለአንድ ሰዓት ይናገራል። መጀመሪያ አሥራ አንድ ሰው ሰማው፤ ከአሥራ አንዱ ሁለቱ ሊሰድቡት የገቡ ነበሩ። በሦስተኛው ዓመት ጅማ፣ ሚዛን፣ አዲስ አበባ የተበተኑ የማንጆ ልጆች በየስልካቸው ይጠብቁት ጀመር። ስለ መንገድና ስለ መብራት ብዙ አላወራም። "ከእኛ ጋር በአንድ ትሪ ያልበላ ሰው ድምፃችሁን ስጡኝ እንዳይለን" ነበር የሚለው፤ ይህንኑ እየደጋገመ ዓመታት ተናገረ።

ጋሽ ግሩምም በበኩሉ ይናገር ነበር። መሃል ከተማ በግዛቱ ምክር ቤት ደጃፍ ሰልፍ ሲወጣ ከፊት ሆኖ ባንዲራ የሚይዘው እሱ ነው። ስለ እኩልነት ሲናገር ላብ ያጠምቀዋል፤ አንዳንዴም ያለቅሳል። ከሰልፉ በኋላ ሰው ሁሉ ምግብ ቤት ሲገባ ጥላዬ የተቀመጠበትን ጠረጴዛ በዓይኑ ይፈልግና በተቃራኒው ግድግዳ ሥር ይቀመጣል። አንድ ጠረጴዛ ላይ ከገጠሙ ግን ጾሙ አለ። ሰኞ ከሆነ ስእለት አለበት። ማክሰኞ ከሆነ ሱባኤ ይዟል። እሁድ ከሆነ፣ እሁድ ቀን ጾም እንደሌለ እሱም ስለሚያውቅ፣ ጨጓራው ይነሳበታል። ጥላዬ ይህን ሰው አልጠላውም፤ ናቀው። ቢጠላው ኖሮ ከቤቱ ይቀር ነበር። ስለናቀው ግን በጠራው ቁጥር ይሄዳል፤ ዛሬ ደግሞ ምን ዓይነት ጾም ይፈጥር ይሆን እያለ ፊቱን ያየዋል።

ሀገር ቤት ነገሩ ተለወጠና በውጭ የነበሩ ፖለቲከኞች መግባት ጀመሩ። በፈረንጆቹ 2019 መጀመሪያ ላይ አንድ ሀገር አቀፍ ፓርቲ ለጥላዬ ደወለ። ምክትል ሊቀመንበር አድርጎ መረጠው። ወሬው አትላንታ በተሰማ ማግስት የሰዉ አፍ ተገለበጠ። ለዘጠኝ ዓመት "አንተ" ሲለው የኖረው ጋሽ ግሩም በአንድ ጀንበር "እርስዎ" አለው። "እኔ ድሮም አውቄያለሁ፤ ከቤቴ ነው የወጣው!" እያለ ግሮሰሪው ውስጥ ለገባ ለወጣው ያወራል። ጥላዬ ሽሮ ሊገዛ ሲገባ ወንበር ይሳብለታል። ውሃ ግን በፕላስቲክ ጠርሙስ ነው የሚሰጠው፤ ጠርሙስ ይጣላላ።

ምክትል ሊቀመንበርነቱ ለጥላዬ ምኑም አልነበረም። የፈለገው ከቦንጋ ተወዳድሮ ፓርላማ መግባት ነው፤ በማንጆም፣ በሌላውም ሰው ድምፅ። በግንቦት አጋማሽ የፓርቲው ጸሐፊ አቶ ውባየሁ ከአዲስ አበባ ደወለ። ድምፁ በማር የተለወሰ ነው።

"አቶ ጥላዬ፣ እኛ እርስዎን እናከብራለን። ሕዝቡ ግን ገና ዝግጁ አይደለም። የከተማው ሰው ለእርስዎ ካርድ ይጥላል ብለው ነው?"

"ሳትሞክሩት እንዴት አወቃችሁ?"

"ለእርስዎ ያሰብነው አዲስ አበባ ቢሮ ነው። የአናሳ ብሔረሰቦች ጉዳይ ኃላፊ። መኪናም አለው።"

"እኔ እዚህም ሹፌር ነኝ፤ መኪና አልቸገረኝም።"

አቶ ውባየሁ ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላም ቆፍጠን አለ። "እንግዲያው በግልጽ ልንገርዎት። ከቦንጋ ስም ካለው ቤተሰብ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ከእርስዎ እጅ ሲበላ ሕዝብ ይይ። ይህን ካመጡ ሰኞ በሚሰበሰበው ሥራ አስፈጻሚ ስምዎን ለቦንጋ አቀርባለሁ። ካልሆነ ቢሮው ነው።"

ጥላዬ ስልኩን ዘጋ። ከካኩማ ጀምሮ የታገለለት ነገር አንድ ሰው አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። አትላንታ ላይ ከቦንጋ ስም ካለው ቤተሰብ የተወለደ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። የጋሽ ግሩም ታላቅ ወንድም ቦንጋ ላይ ሲያስነጥስ ከተማው ይማርህ ይላል። ጥላዬ ምራቁን ውጦ ቻምብሊ ሄደ።

ማኅበሩ ወደ ሀገር ቤት ለሚመለሰው ጥላዬ የስንብት ግብዣ ሊያደርግ አስቦ ነበር፤ ጋሽ ግሩም የጉርሻውን ነገር ሲሰማ ፊቱ በራ። ቦንጋ ላይ ሆቴል የሚሠራበት መሬት ይፈልጋል፤ የፓርላማ ሰው ወዳጅ መሆን አይጎዳውም። "ጉርሻ? ለዚህ ነው እንዲህ የሚጨነቁት? በቪዲዮ ፊት አጎርስዎታለሁ! ሀገር ይየው!" አለ። ማጉረስ ምኑም አይደለም፤ የሚያጎርስ እጅ ይታጠባል። ጥላዬ ይህን ልቅም አድርጎ ያውቃል። እነሱማ መስጠቱን መቼ ተዉ? በቅጠል ላይ ሲሰጡ ነው የኖሩት። ለውሻም ይጣልለታል፤ ከውሻ እጅ ግን ማንም አይጎርስም። ጥላዬ "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ወጣ እንጂ አላረመውም።

ግብዣው ዓርብ ቀን፣ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ፣ ቻምብሊ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ተደረገ። ጥላዬ በማግስቱ ነው የሚበረው። ሁለት መቶ የሚሆን ሰው መጣ፤ ሹፌሩ በሥራ መሃል ታክሲውን አቁሞ፣ ነርሷ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር። ትናንት ጥላዬን በስሙ የማይጠሩት ሁሉ ዛሬ ትከሻውን እየሳሙ ፎቶ ይነሳሉ። አንዱ የፓስፖርት ጉዳይ አለው፣ አንዱ የአክስቱ ቤት ተወስዶበታል፣ አንዱ ዝም ብሎ ሥልጣን ያለበት ቦታ መቆም ደስ ይለዋል። ጥላዬ ሁሉንም ፈገግ እያለ ጨበጠ፤ በልቡ ግን አንዱንም በአምስት ሳንቲም አልገዛውም።

ከፊት ረድፍ እማማ ደጊቱ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ፣ ቄስ ሲሳሳት የሚያርሙ ሴት ናቸው። ሠርግ የሚቀርጸው ዮናታን ካሜራውን ተክሎ በስልኩም በቀጥታ እያስተላለፈ ነው።

"ጋሽ ግሩም፣ ትንሽ ወደ ራይት ሙቭ በል። ላይቭ ነን እኮ፤ ላይክ፣ አራት ሺህ ሰው እያየን ነው፤ ሞስትሊ ከቦንጋና ከጅማ።"

ጥላዬ እናቱ እህቱ ቤት ሆና በዚያው ስልክ እንደምታይ ያውቃል። 

ጋሽ ግሩም ስለ አንድነት ሃያ ደቂቃ ተናገረ። እኛ ካፋዎች አንድ ማዕድ ነን አለ፤ እዚህ ላይ ድምፁ ተቆራረጠና መሐረብ አወጣ። ከዚያ ኤልፍነሽ ትሪውን አመጣች። ከራሱ ግሮሰሪ ሥጋ የተከተፈ ክትፎ ነው፤ ቆጮም አለበት። ጋሽ ግሩም እጅጌውን ሰብስቦ ጠቀለለና ፊቱን ወደ ካሜራው፣ እጁን ወደ ጥላዬ አደረገ።

ጥላዬ አፉን አልከፈተም። ከመቀመጫው ብድግ አለ። "ጋሽ ግሩም፣ እርስዎ ታላቄ ነዎት" አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ታናሽ ቆሞ ታላቅ አያጎርስም። መጀመሪያ እኔ ላጉርስዎት።"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሰው ጨዋነቱን ነበር ያየው። ጋሽ ግሩም ግን ገባው፤ የጠቀለለው ጉርሻ እጁ ላይ ቀረ።

"የለም፣ የለም! እንግዳው አንተ… እርስዎ ነዎት!"

"ይጉረሱ! ይጉረሱ!" አለ ሰዉ።

ጥላዬ ጠቅልሎ እጁን ዘረጋ። ጋሽ ግሩም ወደኋላ አንድ እርምጃ ሸሸ፤ ግንባሩን መታ አደረገና ዘጠኝ ዓመት የለመደ አፉ ራሱ ተናገረ። "ውይ፣ ለካ ዛሬ ዓርብ ነው! እኔ እኮ ጾመኛ ነኝ!"

ጭብጨባው ቆመ። ሁለት መቶ ሰው፣ ክትፎ ፊቱ እንደቀረበ፣ ያጨበጨበበትን እጁን አየር ላይ እንዳደረገ ቀረ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን ረቡዕም ሆነ ዓርብ እንደማይጾም በዚያ አዳራሽ የማያውቅ አልነበረም። ፋሲካ ካለፈ ገና አምስተኛ ሳምንቱ ነው።

"ግሩም ልጄ" አሉ እማማ ደጊቱ። "በበዓለ ሃምሳ የምን ጾም ነው? ይህን ማን አስተማረህ?"

"አይ እማማ፣ እኔ… የግል ነው። ደግሞ ሐኪም ጥሬ ሥጋ ከልክሎኛል።"

"የትኛው ሐኪም?" አለች ኤልፍነሽ። ጮክ አላለችም፤ አዳራሹ ዝም ስላለ ግን ሁሉም ሰማት። "ትናንት ግሮሰሪው ጓዳ ቆሞ ቁርጥ ሲበላ የነበረው ማን ነው? እኔ ያልደከመኝ መስሎሃል። ለዚህ ልጅ ማዕድ ባቀረብኩ ቁጥር አንተ ስትጾም እኔ ነኝ የማፍረው።"

የጥላዬ እጅ እንደተዘረጋ ነው።  ፈራ፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ፈራ። ይህ ሰው ፊቱን አዙሮ ቢወጣ አራት ሺህ ሰው ያያል፤ ሰኞ አቶ ውባየሁ "አላልኩዎትም?" ይላል፤ እናቱም በቅጠል የተቀበለችውን ዕድሜዋን ሁሉ እንደገና በስልክ ታየዋለች። እጁን ማውረድ ግን አልቻለም። ስለ እኩልነት የሚያለቅስ፣ ባንዲራ ተሸካሚ፣ የስድሳ ዓመት ሽማግሌ አንዲት ጉርሻ ፈርቶ ላብ በላብ ሲሆን አየው። ምንኛ ትንሽ ሰው ነው! ይህን ትንሽ ሰው ነው አንድ ከተማ ሙሉ የሚያከብረው። ከዚህ ትንሽ ሰው አፍ ነው የእኔ ስም የሚለመነው። በዚያች ቅጽበት ራሱንም ናቀው።

ጋሽ ግሩም ዙሪያውን አየ። መውጫው በር ጋ ሰው ተደርድሯል። ካሜራው ፊቱ ላይ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ መድኃኒት እንደሚያጠጡት ልጅ፣ አፉን ከፈተ።

ጥላዬ አጎረሰው። ጣቶቹ ከንፈሩን ነኩ።

አዳራሹ እልል አለ። ዮናታን "ዛት ኢዝ ኢት! ፐርፌክት!" ብሎ ጮኸ። ጋሽ ግሩም ግን አላኘከም። ጉርሻውን አንድ ጉንጩ ውስጥ አኖረና፣ በአፉ ሳይሆን በዓይኑ እየሳቀ፣ እጁን ወደ ሶፍቱ ሰደደ። ጥላዬ ያን ጉንጭ አወቀው። ቦንጋ ላይ ሰው ይሉኝታ ይዞት ከነሱ ቤት የቀመሰ እንደሆነ እንዲህ በጉንጩ ይዞ አጥሩን ካለፈ በኋላ ይተፋው ነበር።

ጥላዬ ማይክሮፎኑን ከጠረጴዛው አነሳ። 

"ወገኖቼ፣ ጋሽ ግሩም ስለ አንድነት የጀመሩትን ንግግር እንዲጨርሱልን እፈልጋለሁ። አፋቸው ሙሉ ነው፤ አናስቸኩላቸውም። እስኪውጡ እንጠብቃለን።"

ጠበቁ። መጀመሪያ አንዳንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ማንም አልሳቀም። ዮናታን ካሜራውን ትንሽ አስጠጋ። እማማ ደጊቱ አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ ቅዳሴ ላይ እንዳሉ ሁሉ፣ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ ያያሉ። ጋሽ ግሩም አኘከ። አንዴ፣ ሁለቴ፤ ደግሞ ቆመ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በዚህ ጊዜ ግን መሐረብ አላወጣም። ጉሮሮው ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ ታች ወረደ።

ዋጠው።

ምንም አልሆነም። መሬት አልተሰነጠቀም፤ ሰውዬውም አልሞተም። ጥላዬ ደስ ይለኛል ብሎ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀው ነገር ይህን ያህል ብቻ ነበር፤ አንድ ሰው ክትፎ በላ። ለዚህ ነበር እናቱ ዕድሜዋን ደጅ የተቀመጠችው? ንዴቱ እንደ አዲስ ተነሳበት።

ጋሽ ግሩም ያለፈለት መስሎት እፎይ አለ፤ አፉን በሶፍት ጠርጎ ማይክሮፎኑን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። ከኋላ አንድ ሰው "ሁለተኛውስ?" አለ። ጉርሻ በአንድ እንደማይቀር በዚያ አዳራሽ ለማንም አይነገርም።

ጥላዬ ሁለተኛውን ጠቅልሎ ጨርሶ ነበር። ከመጀመሪያው ይበልጣል።